አምስት ኪሎ ጥቁር ሽሪምፕ

ዱባይ በሠራሁባቸው ሁለት ዓመታት ብዙ ተሰድቤያለሁ። አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። አንዱ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። የሰደበኝ ሰው ግማሹን ትክክል ነበር። ቀሪውን ግማሽ እሱም እኔም አናውቀውም ነበር።

አንድ ምግብ ቤት ኪችን ውስጥ ረዳት ነበርኩ። ድንች መላጥ፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ ሽሪምፕ ማጽዳት የኔ ሥራ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለእናቴ የሽሪምፕ ፎቶ በኢሞ ላክሁላት። «ይኼ ደግሞ ምን አባቱ ነው? አንበጣ ነው?» አለችኝ። የባሕር ነው፣ ሰው ይበላዋል አልኳት። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ የሚለውን ጠቀሰችልኝ። «ኧረ እማዬ፣ ቅርፊትስ አለው» ብላት «ዝም በይ! እሱ የዓሣውን ነው የሚለው» ብላ ቆጣች። ቆይታ ግን መለስ አለች። «አንቺ እንዳትቀምሺው እንጂ መላጡስ ግድ የለም።»

በዚህ ፈቃድ ነው የሠራሁት።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ ማታ። ያኔ የእረፍት ቀኑ ዓርብና ቅዳሜ ስለነበር ለነጋታው ብዙ ሰው ይጠበቃል። አምስት ኪሎ ትኩስ ሽሪምፕ ገባ። ሼፉ «አጥበሽ በረዶ ውስጥ ክተቺ» ብሎኝ ወጣ። አጠብኩ። የበረዶ ማሽኑ ጋ ስሄድ ባዶ ነው፤ ባርማኑ አሟጦ ወስዶታል። እስኪሞላ ድንቹን ልላጥ አልኩ። አንድ ጆንያ ድንች ነበር። ስጨርስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሄዷል፤ ዲውቲዬም አልቋል። ሽሪምፑን ያለ በረዶ ክዳን ገጥሜ ቺለር ውስጥ ገፋሁትና ወደ ቤድ ስፔሴ ሄድኩ። ድንቹን ግን ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው የሄድኩት። ይህቺን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጠዋት ሼፉ ክዳኑን ሲያነሳ አጠገቡ ቆሜ ነበር። የሁሉም ጭንቅላት ጠቁሯል። ጭንቅላቱ ከገላው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጥላሸት የመሰለ ቀለበት አለ። የጅራታቸው ጠርዝም ጀማምሮታል። ወገባቸው ግን እንደ ማታው ነው፤ ጥርት ያለ ግራጫ።

«ኸርባን!» አለ፤ ተበላሽቷል ማለቱ ነው። ዓረብ አገር የሠራ ሰው ይህን ቃል ሳያውቅ አይመለስም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ልተወው። ሳጥኑ እንዳለ ቆሻሻ ውስጥ ተገለበጠ። ከደሞዜ 200 ድርሃም ተቆረጠ። ምንም አልመለስኩም። ምን ብዬ?

ዓሣ የሚያጸዳው ከሕንድ፣ ከኬረላ የመጣ ሽማግሌ ነበር። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ሼፉ ሲወጣ ከቆሻሻው አንዷን አንስቶ አሸተታት። ከዚያ እኔ አፍንጫ ሥር ደቀናት። «ሽታ አለው?» አለኝ። የባሕር ሽታ ብቻ ነው። «ጥቁር እንጂ ኸርባን አይደለም» አለና መልሶ ጣላት። ለምን ብዬ ብጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። የሚያውቀው በአፍንጫው ነው።

የነቆረኝ ይኼ ነው። ካልበሰበሰ ለምን ጠቆረ?

የክብሪት እንጨት ጫፍ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኦፍ ስሆን ሽማግሌው ዴይራ ወዳለው የዓሣ ገበያ ሲሄድ ተከተልኩት። ምን ልሠራ እንደሄድኩ አላውቅም። ተኝቼ መዋል ነበረብኝ። ንዴቱ አልወጣልኝም መሰለኝ።

አንዱ ነጋዴ ፊት በረዶ ላይ ሽሪምፕ ተከምሯል። ጥርት ያሉ ናቸው፤ ብርሃን ያሳልፋሉ። አንዷን አነሳሁ። ሽሪምፕ እንደ ጢም የሚንጠለጠሉ ሁለት ረዣዥም አንቴናዎች አሏት። የዚችኛዋ አንዱ ሙሉ ነው፤ ከራሷ ገላ ይረዝማል። ሌላው ከሥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ተቆርጧል። የተቆረጠበት ጫፍ ጥቁር ነው። ነድዶ የጠፋ የክብሪት እንጨት ጫፍ ይመስላል።

በጥፍሬ ፈተግ አደረግኩት። ደረቅና ጠንካራ ነው። አይለቅም። ገላዋን ገለባብጬ አየሁ፤ ሌላ ቦታ ጥቁር የለባትም። ጭንቅላቷ እንኳን ንጹህ ነው።

እዚያው ቆምኩ። ጥቁሩ ከሞት በኋላ የመጣ ቢሆን ኖሮ ጭንቅላቷም ይጠቁር ነበር። ስለዚህ አንቴናዋን ያጣችው በሕይወት እያለች ነው። የሆነ ዓሣ ነክሷታል፤ ወይም ሌላ ሽሪምፕ። ከዚያ ቁስሏ ጠቆረ፣ ደረቀ፣ ተዘጋ። እሷም ኖረች። መረብ ውስጥ የገባችው ከዚያ በኋላ ነው። እጄ ላይ ያለው ጠባሳ ነው።

ነጋዴው «ስንት ኪሎ?» እያለኝ ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነው። ጠባሳዋን የሠራው ቀለምና እኔ 200 ድርሃም የከፈልኩበት ቀለም አንድ ነው። ኸርባን ያልነው መድኃኒቷ ቢሆንስ?

ዝንቧ ለምን አትታመምም?

ይህን ጥያቄ እንደዋዛ መተው ያቃተኝ በአንድ ምክንያት ነው። ዱባይ ከመሄዴ በፊት ሦስት ዓመት ደብረ ብርሃን ላይ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። አዎ፣ መምህር ነበርኩ። እንዴት ድንች ልላጥ እንደሄድኩ የሚጠይቅ ሰው ያኔ የነበረውን የመምህር ደሞዝ አያውቅም ማለት ነው።

በሽታ መከላከያ ስናስተምር የታወቀ አካሄድ አለን። ነጭ የደም ሴል ወታደር ነው፣ አንቲቦዲ ጥይቱ ነው፣ ክትባት ልምምዱ ነው። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ዝንብ አንቲቦዲ አላት?» የላትም አልኩት። «ታዲያ ቆሻሻ ላይ ውላ እያደረች ለምን አትታመምም?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩና «ለምዳው ነዋ» አልኩት። ደወሉ አወጣኝ። የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ላይ አላነሳሁትም። መልሱን አላውቀውም ነበር።

ቤድ ስፔሳችን ውስጥ ስድስት ሴቶች ነበርን። መብራት ሲጠፋ ስልኬን ብርድ ልብስ ውስጥ አስገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ነገር አሳፈረኝ። ተሐዋሲን አንድ በአንድ እየለየ የሚያስታውሰው የአንቲቦዲ ሥርዓት ያለው የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት ዘንድ ብቻ ነው። ከእንስሳት ዝርያ ከመቶ 95 የሚሆነው ደግሞ የጀርባ አጥንት የለውም። ሸርጣኑ፣ ሽሪምፑ፣ ኦይስተሩ፣ ኮከብ ዓሣው፣ ዝንቧ፣ ሁሉም የሚኖሩት አብሯቸው በተወለደ መከላከያ ነው። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ የአምስት በመቶውን ታሪክ ነው ሳወራ የኖርኩት።

የሚገርመው ደግሞ የመከላከያ ሴሎችን ሥራ መጀመሪያ ያሳየችው የባሕር ፍጥረት መሆኗ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 መጨረሻ፣ ሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ከተማ። ዛሬ ዩክሬን በሚባለው አገር የተወለደው ኢሊያ ሜችኒኮፍ ቤቱ ብቻውን ነው። ቤተሰቡ ሰርከስ ላይ ትርኢት የሚያሳዩ ዝንጀሮዎችን ሊያይ ወጥቷል። እሱ በማይክሮስኮፕ የኮከብ ዓሣ እጭ እያየ ነው። እጯ እንደ ብርጭቆ ስለሆነች ውስጧ የሚንቀሳቀሱት ሴሎች ይታያሉ። እሾህ ብወጋባት እነዚህ ሴሎች ይሰበሰቡ ይሆን? አለ። ከግቢው የጽጌረዳ እሾህ ነቅሎ ወጋባት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ ሴሎቹ እሾሁን ከበውት አገኘ። በ1908 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ የተካፈለው ከፖል ኤርሊክ ጋር ነው። ኤርሊክ የአንቲቦዲው ወገን ነበር። ሁለቱም ወገኖች ትክክል ነበሩ፤ የመማሪያ መጽሐፋችን ግን ለኤርሊክ ያደላል።

«ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» እንላለን። የሜችኒኮፍ ሴሎች ሥራ እሱ ነው። ስንጥሩ የጽጌረዳ ይሁን የግራር አይጠይቁም። የቤት ሰው አለመሆኑን ካወቁ ይበቃቸዋል።

የዝንቧም ነገር መልስ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 የሳይንቲስቱ የዥዩል ሆፍማን ቡድን አንዲት የፍራፍሬ ዝንብ ሻጋታ ስትወጋ በምን መንገድ መርዝ አመንጭታ እንደምትከላከል አሳየ። ይህም በ2011 የኖቤል ተካፋይ አደረገው። ልጁ በቀልድ አልነበረም የጠየቀኝ።

ጌታው የሞተበት ዘበኛ

ወደ ሽሪምፗ ልመለስ። ደሟ ቀይ አይደለም። የኛን ኦክስጅን የሚሸከመው ብረት ነው፤ የሷን መዳብ። ስለዚህ ኦክስጅን ሲይዝ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። ደሟ እንደኛ ጫፍ እስከ ጫፍ በደም ሥር ተዘግቶ አይዞርም። ከልቧ ይወጣና ገላዋ ውስጥ ባሉ ክፍተቶች ይፈስሳል። ቤቱ በሙሉ አንድ ክፍል ነው እንደማለት ነው። አንድ ቦታ ከተበሳ ደሙ ወደ ውጭ፣ የባሕሩ ተሐዋሲ ወደ ውስጥ። ቀዳዳው ቶሎ መደፈን አለበት።

ለዚህ የተዘጋጀ ኢንዛይም አላት። ፌኖል ኦክሲዴዝ ይባላል። የሚቀመጠው ግን እንደተኛ ነው፤ ደሟ ውስጥ የሚዞሩ ፍሬ ፍሬ ያለባቸው ሴሎች ይዘውታል። የሻጋታ ግድግዳ ስኳር ወይም የባክቴሪያ ግድግዳ ቁራጭ ሲገባ የሚያውቁ ፕሮቲኖች አሏት። ኢምንት ይበቃቸዋል። እነሱ ሲነኩ አንዱ ኢንዛይም ሌላውን ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ይነቃና ቀጣዩን ይቆርጣል። እንደ ሠፈር ጩኸት ነው፤ አንዱ ቤት ሲጮኽ ሌላው ይቀበላል። መጨረሻ ላይ ፌኖል ኦክሲዴዝ ይነቃል። ፌኖል የተባሉ ነገሮችን ከኦክስጅን ጋር ያዋህድና ኪኖን ያደርጋቸዋል። ኪኖን ለተሐዋሲው መርዝ ነው። ኪኖኑ እርስ በርሱ ሲያያዝ ሜላኒን ይሆናል። የኛን ቆዳና ጸጉር የሚያጠቁረው ዓይነት ሜላኒን ነው። ቁስሉን ይደፍናል፣ የገባውንም ነገር ከነሕይወቱ ይገንዘዋል። የክብሪት እንጨቷ ጫፍ ይኸው ነው።

ኪኖኑ ለራሷም መርዝ ስለሆነ ልጓም ያስፈልገዋል። ጩኸቱ ከቁስሉ አልፎ ገላዋን ሁሉ እንዳያዳርስ የሚያቆሙ ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ። ከነዚህ አንዱ የታወቀው በክሬይፊሽ ነው፤ ሽሪምፕ የምትመስል፣ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ የምትኖር ዘመዷ። ይህን የኢንዛይም ሰንሰለት በማጥናት ስማቸው የሚነሳው የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ኬኔት ሶደርሃል ናቸው። እሳቸውም የሠሩት በክሬይፊሽ ነው። ስዊድኖች ደግሞ ምክንያት ነበራቸው።

ክሬይፊሽ ለነሱ የነሐሴ ድግስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ከውጭ በመጣ ክሬይፊሽ አንድ ሻጋታ መሰል በሽታ አገራቸው ገባ። ወንዙን እየተከተለ የአገሬውን ክሬይፊሽ ፈጀው። በ1960ዎቹ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ከአሜሪካ አመጡና ለቀቁት። አሜሪካዊው በሽታውን ራሱ ይዞት ይዞራል፤ ግን አይሞትም። የበሽታው ክሮች ቅርፊቱ ውስጥ በሜላኒን ተገንዘው ይቀመጣሉ። (ለአውሮፓው ክሬይፊሽ ይህ መፍትሔ ሌላ መዓት መሆኑን ልብ በሉ። በሽታውን የሚያዳርሰው ጎረቤት ነው የመጣለት።)

ልዩነቱ ምንድን ነው? አሜሪካዊው የዚህን ኢንዛይም ምርት ሁልጊዜ ከፍ አድርጎ ይይዛል። አውሮፓዊውም ኢንዛይሙ አለው፤ ምርቱን ከፍ የሚያደርገው ግን አደጋው ከመጣ በኋላ ነው። አንዱ ቤት ዘበኛው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያድራል። ሌላው ቤት ዘበኛ የሚፈለገው ሲንኳኳ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለሱ ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ስልኬን አጥፍቼ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ። አንድ ዓይነት ኢንዛይም፣ አንድ ዓይነት በሽታ። የሚገድለውና የሚያኖረው የሰዓት ጉዳይ ብቻ።

አሁን የኔን ሳጥን አስቡት። ሽሪምፗ ሞታለች። ኢንዛይሟ ግን ነፍስ የለውም፤ የሚሞትም ነገር አይደለም። ጌታው ማረፉን ማንም ያልነገረው ዘበኛ ነው። የምግብ መፍጫዋ እጢ ያለው ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። ስትሞት ሴሎቹ ይፈርሱና ሥጋ የሚቆርጡት የመፍጫ ኢንዛይሞች ይፈስሳሉ። የተኛውን ይቆርጡታል፤ እሱም ይነቃል። ሌባ ከውጭ አልመጣም፣ ዘበኛው ግን ተነስቷል። የሚያቆመው ልጓም የለም፤ ኦክስጅን ደግሞ እንደልቡ ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ከጭንቅላት ይጀምራል። ወገቧ ጥርት እንዳለ የቀረው ለዚህ ነው።

የኬረላው ሽማግሌ አፍንጫ ትክክል ነበር። ጥቁሩ ራሱ መበስበስ አይደለም፤ ሰውም አይጎዳም። ሼፉም ግን ትክክል ነበር። በረዶ ይህን ነገር ያዘገየዋል፣ እኔ ደግሞ ያለ በረዶ ትቼዋለሁ። ዘበኛውም ባክቴሪያውም ሙቀት ይወዳሉ። አንዱ ጠቁሮ እየታየ ሌላው ሥራውን አልጀመረም ብሎ መማል አይቻልም። ሼፍ ብሆን እኔም እንግዳ ፊት አላቀርበውም።

ሌላም ጥፋት ሳልሠራ አልቀረሁም። ጥቁሩን ለመከልከል ብዙ ጊዜ ገና መርከብ ላይ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት የሚባል ዱቄት በውኃ በጥብጠው ይነክሩታል። እሽጎች ላይ ኢ 223 ተብሎ የሚጻፈው ነው። አስም ያለበትን ሰው ሊያስነሳበት ስለሚችል ገደብ አለው፤ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለጥሬ ሽሪምፕ በኪሎ ከ100 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይላል። እኔ ደግሞ ንጽሕና ወዳድ ነኝ። የዚያን ዕለት በቧንቧ ውኃ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። የነበረውን መድኃኒት አብሬ አጥቤ ሳልወስደው አልቀረሁም።

ድንቹ

ያቺን ድንች ያዙልኝ ብዬ ነበር። ድንች ተልጦ ሲቀመጥ የሚጠቁረው በዚሁ ዓይነት ኢንዛይም ነው። ጁስ ቤት አቮካዶው ላይ ሎሚ የሚጨመቅበትም ነገር ይኸው ነው። ውኃ ውስጥ ሲነከር ኦክስጅን እንደልቡ አያገኘውም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ በእጄ አውቀው ነበር። ለድንቹ የተጠነቀቅኩትን ለሽሪምፑ አላሰብኩለትም።

ለእናቴ ደወልኩላት። «እማዬ፣ ድንች ውኃ ውስጥ የምንነክረው ለምንድን ነው?»

«እንዳይጠቁር ነዋ። ዓረብ አገር ይህንንም አስረሳሽ?»

«ለምንድን ነው የሚጠቁረው?»

«ተቆርጦ ነዋ! አንቺ ስትቆረጪ ቁስልሽ አይጠቁርም?»

ስስቅ አብረውኝ የሚተኙት ልጆች ነቁ።

ለሼፉ አልነገርኩትም። አረብኛዬ እዚያ የሚያደርስ አልነበረም፤ 200 ድርሃሙም አይመለስም። ከዚያ በኋላ ግን ሽሪምፕ ሳጸዳ አንቴናቸውን ማየት ለመደብኝ። አንዳንዷ ሁለት ሦስት ቦታ ተቀንጥሳ ሁሉም ጫፍ ጠቁሮ ደርቋል። ስንት ነገር አልፋ ነው እዚህ የደረሰችው እላለሁ። ከዚያ ጭንቅላቷን ቆርጬ እጥላለሁ። ሥራ ነው።

ከተመለስኩ በኋላ ደብረ ብርሃን ሄጄ አንድ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ ደጋግሞ ሲያየኝ ቆየና «ቲቸር?» አለ። ያ የዝንቡ ልጅ ነው። ጢም አብቅሏል። የምወርድበት ቦታ ደርሰን ሒሳቤን ከፍዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ዝንቧን፣ ሽሪምፗን፣ ዘበኛውን። መልሱን ይኸው አምጥቼልሃለሁ አልኩት። ትንሽ አሰበና «እኔ ነኝ እንዴ የጠየቅኩት? እኔ እኮ ጥያቄ የምጠይቅ ተማሪ አልነበርኩም» አለኝ።

ልወርድ ስል ግን ዞረ።

«ቲቸር፣ ቆይ ግን፣ ሰውዬው ከሞተ ያ ዘበኛ የሚያቆመው መቼ ነው?»

«ፍሪዘር ካስገባኸው ይተኛል። ስታወጣው ይነሳል።»

«የሚያቆመውስ?»

«ሲቀቀል» አልኩት።

ሳቀና ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።